አርባ ግሶች በአንድ ወረቀት

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ስታስተምሪ ከሁሉ አብልጠሽ የወደድሽው ምኑን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ተማሪዎቼን እንድላት ነበር የጠበቀችው። እኔ ግን ሳላስበው «ተርን አውት» አልኳት። ጡረታው አናቷ ላይ ወጣ ብላ ሳታስብ አልቀረችም፤ ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ለሷ ያላስረዳሁትን ለሌላ ሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ሁለት ተራ ቃላት ጎን ለጎን ያስቀምጡና ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ትርጉም ያወጣሉ። ተርን ማዞር ነው፣ አውት ወደ ውጭ ነው። ሲጋቡ ግን ማዞሩም መውጣቱም ይቀርና ማምረት ይሆናሉ! ራን መሮጥ ነው፤ ራን ኦፍ ሲባል ግን የሚሮጥ ሰው የለም፤ ወረቀት በማባዣ እየተባዛ ነው። ኖክ ማንኳኳት ነው፤ ኖክ አውት ሲሆን ቦክሰኛ ተመትቶ ይዘረራል፣ አናጢ ደግሞ ለገበያ ቀን በርጩማውን ገጭ ገጭ እያደረገ ይደረድራል። ቶሎ ስለ መሥራትና አብዝቶ ስለ መሥራት ብቻ የሚናገሩ እንዲህ ያሉ ጥምር ግሶች ቁጥር የላቸውም። የሥራ ዘመኔን ደስታ ያገኘሁት ከእነሱ ነው። ትልቁን ጥፋቴንም ያጠፋሁት በእነሱው ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ አጋሮ ነበር። ወላጆቼ ከሸዋ በሥራ ተዛውረው ጅማ የከተሙ ሰዎች ስለነበሩ ተወልጄ ያደግኩት ቡና አገር ነው፤ ኦሮምኛዬ ግን የገበያ ኦሮምኛ ነበር፣ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። የምድብ ደብዳቤዬ ላይ ስሜ «አስቴር» መሆኑ ቀርቶ «አስቴል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያቺ አንዲት ፊደል እስከ ጡረታ ፋይሌ ድረስ ስትከተለኝ ኖራለች፤ ስለ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከዚህ በላይ አልናገርም።

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ታምራት ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ከሳ ያሉ፣ ሙቀት ሆነ ዝናብ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ መካኒክ ጣት የጠቆሩ ናቸው። ያጠቆራቸው የማባዣው ቀለም ነው። ትምህርት ቤቱ በእጅ የሚዞር አሮጌ የስቴንስል ማባዣ ነበረው፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው ከነካው ወረቀት ይበላል። በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት የፈተና ወረቀት ልናባዛ ጠሩኝ። በሰም የተለበጠውን ወረቀት በታይፕ መትተውት ነበር። አንዲት የተሳሳተች ፊደል አግኝተው የጥፍር ቀለም በሚመስል ፈሳሽ ደፈኗት፣ እፍ ብለው አደረቁ፣ በላይዋ ትክክለኛዋን መቱ። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ልጅ ልብስ በጥንቃቄ በማሽኑ ከበሮ ላይ አለበሱትና እጀታውን አስያዙኝ።

አዞርኩ። ወረቀቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወጣ ጀመር። ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ በእንግሊዝኛ። ፈተናውን ራን ኦፍ እያደረግሁ ነው አልኩ፣ በትምህርቴ እየኮራሁ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንግዲያው የሚወጣውን ወረቀት ሳታዪ በኃይል አዙሪ አሉኝ። አዞርኩ። እጀታው ይንጫጫል፣ ወረቀቱ ይዥጎደጎዳል፣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ ክምሩን አንስተው አሳዩኝ፤ ግማሹ ደብዝዟል፣ ግማሹ በቀለም ተለቅልቋል።

«ይኸኛው ደግሞ ክራንክ አውት ነው» አሉኝ፤ ክራንክ እጀታ ማዞር ነው። «እጀታው ያው ነው፣ ወረቀቱ ያው ነው። ፊቱ ግን ተለወጠ።»

በዚያ ቀን ቃል ፊት እንዳለው ተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ትርጉም ነበር፤ ፊት ያስተማረኝ አልነበረም። ጋሽ ታምራት አንድ ተማሪ የአዲስ ቃል ትርጉም በትክክል ሲመልስላቸው አያመሰግኑትም፣ ሦስት ጥያቄ ያስከትሉበታል፤ ማን ነው የሚለው? ለማን ነው የሚለው? ሲለው ፊቱ ምን ይመስላል? ከግሱ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ጭንቅላት ይስሉና አፉን ለተማሪው ይተዉለታል። ተማሪው ወጥቶ ወይ ፈገግታ፣ ወይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ወይ ጠመም ያለ ከንፈር ይስላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአራት ቃል በላይ አያስተምሩም። እኔ በወጣትነቴ ይህን ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ቸርን አውትን ያስተማሩበትን ቀን ግን እስክሞት አልረሳውም። ቸርን ወተት መናጥ ነው። ወተት የተሞላ ቅል ይዘው ክፍል ገቡና አንዲት ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እንድትንጥ ሰጧት፤ እሳቸው ሌላ ትምህርት ጀመሩ። ልጅቷ ትንጣለች፣ እሳቸው ያስተምራሉ፣ ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ረሳት። ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ዞር ብለው ምን እያሰብሽ ነው አሏት። ደንግጣ፣ ምንም አለች።

«በቃ፣ ይኸው ነው ቸርን አውት» አሉ። «እጅ ይሠራል፣ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ይወጣል፤ የሠራው ሰው ግን እዚያ የለም።»

ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ከተማሪዎቹ እኩል አጨበጨብኩ።

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። ጋሽ ታምራት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፤ በደብዳቤ እንገናኝ ነበር፣ ኋላ ደብዳቤውም ቀረ፣ እሳቸውም አረፉ።

ጅማ ሌላ ዓለም ነበር። ሰቶ ሰመሮ በኩል ያለ ትልቅ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ ይቀመጣል፤ ከኋላ ያሉትን በስም ለማወቅ ዓመቱ ያልቃል። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መምህር ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚወዱት የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው። አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ ጥምር ግሶች ፈተናው ላይ በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ተማሪው በአንድ ቀን ሊያጠናው የሚችል ነገር አዘጋጂልን አሉኝ።

አዘጋጀሁ። በሁለት ምሽት ውስጥ አርባ ግሶች በአንድ ወረቀት ላይ ደረደርኩ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ተርን አውት፣ ማምረት። ቸርን አውት፣ በብዛት ማምረት። ክራንክ አውት፣ በብዛት ማምረት። ኖክ አውት፣ በፍጥነት ማምረት። ፊት የለ፣ ጥያቄ የለ።

ወረቀቱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ! የእኛ ተማሪዎች ፈተናው ላይ ያንን ክፍል ጠራርገው መለሱት። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ወሰዱት። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች «የአስቴር ወረቀት» ብለው እያባዙ ይሸጡት ጀመር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ማሽኑ ስሜን ደጋግሞ ሲያወጣ ቆሜ አየሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጋሽ ታምራት ቢያዩኝ ምን ይሉ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ዘይነባ ከእነዚያ ዓመታት ተማሪዎቼ አንዷ ናት። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ደብተሯ ግን እንደ ታተመ መጽሐፍ የጠራ ልጅ ነበረች። አርባውንም ግሶች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሏ ትወጣቸዋለች። የሰጠኋት ውጤት ሙሉ ነበር። ጨርሳ ስትሄድ ኮሌጅ ገባች፣ ከዚያ አገሯ ተመልሳ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነች ሲባል ሰማሁ፤ ኮራሁባት።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንድ እሑድ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ካለው ቤቴ መጣች። ሻይ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቷ ጠየቅኋት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ቸርን አውት ማለት ምን ማለት ነው?»

በብዛት ማምረት አልኳት፣ ሳልጠራጠር።

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ዘረጋችልኝ። ማኅበራቸው አዲስ ቡና ማጠቢያ ተክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አገር ገዢ ሊመጣለት ነበር። ስለ ቡናቸው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ እንድትጽፍ ኮሚቴው አዘዛት። ጻፈች። ማጠቢያችን በየቀኑ ቡና ቸርን አውት ያደርጋል፣ ሴቶቻችን በየሰዓቱ ኖክ አውት ያደርጋሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ክራንክ አውት ማድረግ እንችላለን ይላል። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። ከላይ እስከ ታች የኔ ወረቀት ነው።

ገዢው አንብቦ ፈገግ አለ። ከእነሱና ከሌላ ማጠቢያ ለመምረጥ ነበር የመጣው፤ ሁለቱንም ቡና ቀመሰ፣ ብዙም አይበላለጡም አለ። ወደ ሌላው ሄደ። አብሮት የነበረው አስተርጓሚ ሲወጣ ለዘይነባ ነገራት፤ ሰውየው የሚፈልገው በጥቂቱ፣ በእጅ፣ ተለቅሞ የተሠራ ቡና ነው፣ የናንተ ወረቀት ግን ለብለብ ሥራ እንደምትሠሩ ራሳችሁ የመሰከራችሁበት ነው አላት። ወረቀቱ ነው ያባረረው ብሎ የሚምል የለም። አባላቱ ግን በዚያ ክረምት ልጆቻቸውን ትተው ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። እስከዚያ የደረቀው ቡናቸው በተራው ዋጋ ተሸጠ። ኮሚቴው በሚመጣው ረቡዕ ተሰብስቦ ዘይነባን ሊያነሳት ነው።

አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ትርጉሙን በትክክል ይዛው እንደነበር ለማረጋገጥ ብቻ ነበር የመጣችው።

ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። ቅል የያዘችው ልጅ ታየችኝ። እኔ ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት ትርጉም ስንጥ ነበር፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ተረት ለስንት ተማሪ ተናግሬያለሁ! ቤቱ ግን የኔው ነበር፤ የፈረሰው በዘይነባ ላይ።

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ አጋሮ ሄድኩ፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል ወደ ማጠቢያው። ኮሚቴው ከመጋዘኑ ጎን በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ አባ ቢያ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ዘይነባ ዳር ላይ ቆማለች፤ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። እንድናገር ለመንኩና ተፈቀደልኝ። ልጅቷ ያስተማርኳትን ነው የጻፈችው፤ ያስተማርኳት ደግሞ ጎዶሎ ነው፤ የምታነሱት ሰው ካለ መነሳት የሚገባት እኔ ነኝ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ፣ እንዲያ የከበደኝ የለም።

አባ ቢያ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ባርሲስቱ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው፣ «ቃሉ መጥፎ ከሆነ ለምን አስተማርሽ?»

«ቃሉ መጥፎ አይደለም፣ አባ ቢያ። ቦታ አለው። እኔ ቦታውን አልነገርኳትም።»

«ቦታውን አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የቡና አገር ልጅ ነኝ እላለሁ እንጂ ቡና ሲታጠብ ቆሜ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ነገርኳቸው። እንግዲያው ሥራችንን እዪ፣ ከዚያ ከልጅቷ ጋር ጻፉት፤ እሷም እስከሚመጣው ቡና ድረስ በቦታዋ ትቆይ አሉ። ሌሎቹ አጉረመረሙ፣ ግን ቃላቸው ጸና። አልሐምዱሊላህ ስትል የሰማሁት ዘይነባን ነው፣ ለራሷ፣ በቀስታ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች በሕይወቴ ከነበሩት ቀናት ሁሉ አስበልጣቸዋለሁ! ለቀማው ገና አላለቀም ነበር፤ ጠዋት ከጅማ ተነስቼ እሄዳለሁ። ገበሬው ያመጣው ቀይ ቡና ሲፈስ ልጃገረዶቹ አረንጓዴውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ብዙ አረንጓዴ ያለበት ጆንያ ይመለሳል፣ ባለቤቱ የኮሚቴ አባል ቢሆንም። ቡናው ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ያድራል። መብቃቱን የሚያውቁት አንድ አዛውንት ናቸው፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዱና ፍሬውን በመዳፋቸው ያሹታል። ካንሸራተተ አልደረሰም፣ ሻካራ ሆኖ ከተንኳኳ ደርሷል። ከዚያ ይታጠብና በሽቦ አልጋ ላይ ለፀሐይ ይሰጣል። እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ገለበጥኩ፣ የተሰበረ ፍሬ ለቀምኩ፣ ፀሐይ ሲከር አብሬያቸው ቡናውን ሸፈንኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ሴቶቹ በኦሮምኛ እየቀለዱብኝ ሱታ፣ ሱታ ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ፍጥነት የሚለው ቃል እዚያ ስድብ ነው።

ማታ ማታ ዘይነባና እኔ እንቀመጣለን። አርባዎቹን ግሶች አንድ በአንድ አነሳን። ማን ነው የሚለው፣ ለማን፣ ፊቱስ? ራን ኦፍ ኪቶ ፉርዲሳ በር ላይ ላሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰጠን። ዳሽ ኦፍ ቸኩሎ ጫር ጫር ለተደረገች ደብዳቤ። ኖክ አውት ለበዓል ገበያ በርጩማ ለሚደረድር አናጢ፤ እሱ በሥራው ይኮራል፣ ስለዚህ ስድብ አይደለም፣ ግን ለቡና አይሆንም። ቸርን አውትን ደግሞ ለኔ ወረቀት ሰጠችው። ፈራ ተባ እያለች ነው ያለችው፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እሷም ሳቀች። በመጨረሻ ለማጠቢያው የቀረልን ተርን አውት ብቻ ነበር፤ እሱንም በአዲሱ ገጿ አንዴ ብቻ ተጠቀመችበት። እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ክፍል ውስጥም ነገሩ ተለወጠ። በመጨረሻዎቹ ዓመታቴ ወረቀቴን ትቼ በቀን አራት ግስ ብቻ አስተማርኩ፣ ከነፊታቸው። ርዕሰ መምህሩ ሥጋት ገባቸው፤ ጠብቁኝ አልኳቸው፣ ጠበቁኝ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ተነስቶ፣ ቲቸር፣ የኔ ስልክ ድርሰት ቸርን አውት ያደርጋል አለ፤ የቤት ሥራውን በማን እንዳሠራ በራሱ አፍ መናገሩ ገብቶት በእጁ አፉን ያዘ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቃሉን እንዲያ አሳምሮ የተጠቀመበት ተማሪ ስለሌለኝ ቅጣቱን ማርኩት፤ ድርሰቱን ግን በእጁ ደግሞ ጻፈው።

በተከታዩ ኅዳር ሌላ ገዢ መጣች። መካከለኛ ዕድሜ ያላት፣ ትንሽ ደብተር የማትለያት ሴት ናት። አባ ቢያ እኔም እንድገኝ ልከውብኝ ነበር። የዘይነባን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ቡናውን ቀመሰች፣ ወደደችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ለከርሞ እጥፉን ልታወጡልኝ ትችላላችሁ አለች።

ዘይነባ ጥያቄውን በኦሮምኛ ለኮሚቴው አቀረበች። አግዳሚው ላይ ያሉት ተያዩ። እጥፍ ማለት ለሁሉም ቤት ብዙ ማለት ነበር። አንዱ አዎ ሊል አፉን ሲከፍት አባ ቢያ እጃቸውን አነሱ።

«ኑቲ ቡነ ከነ አከ ኢጆሌ ጉዲፍነ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። እኛ ይህን ቡና እንደ ልጅ ነው የምናሳድገው ማለታቸው ነው። በአንድ ዓመት እጥፍ ልጅ የሚያሳድግ የለም ብለው ጨመሩ።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። በአርባዎቹ ግሶች ውስጥ ለዚህ የሚሆን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። በአእምሮዬ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ወደ እንግዳዋ ተመለሰች።

«ዊ ዶንት ቸርን ኢት አውት» አለች፣ ድምፅዋ የማይሰማው ያቺ ልጅ፣ ከመጋዘኑ በር እስከ ማጠቢያው እንዲሰማ አድርጋ። «ዊ ብሪንግ ኢት አፕ።»

ብሪንግ አፕ ልጅ ማሳደግ ነው። ለቡና አይባልም። ፈተና ላይ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክርቢቶ አክብቤ ነጥብ እቀንስባት ነበር። እንግዳዋ እስኪ ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት። ሴትየዋ ደብተሯን ገልጣ ጻፈችው፣ ከዚያ ቀና ብላ አባ ቢያን አየቻቸው። እጥፉ ይቅር፣ ያላችሁን ሁሉ ዘንድሮም ለከርሞም እኔ እወስዳለሁ አለች። ዘይነባ ያንን ስትተረጉም አግዳሚው ላይ ካሉት አንዱ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

ሁሉም አልጋዎቹን ሊያሳዩ ተነስተው ወጡ። ዘይነባ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቲቸር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

በሥራ ዘመኔ ይህን ጥያቄ ሳልመልስ የቀረሁበት ቀን አልነበረም።

«አላውቅም» አልኳት። «ሂጂ፣ እንግዳሽ እየጠበቀችሽ ነው።»